የአንደኛ ክፍል መስከረም

ጳጉሜን ሲገባ መርካቶ ውስጥ ደብተር በደርዘን እየታሰረ በየሱቁ በር ላይ ይቆለላል። «ደርዘኑ ስንት ገባ?» የሚለው ጥያቄ ከዶሮና ከሽንኩርት ዋጋ እኩል ይሰማል። ልብስ ሰፊዎች በነሐሴ የታዘዙትን ዩኒፎርም ለማድረስ ያመሻሉ፤ እናት «ያድግበታል» ብላ ለልጇ ሰፋ ያለውን ትመርጣለች። ቤት ሲገባ ደግሞ ደብተር የመሸፈን ሥራ አለ። አንዱ በላስቲክ፣ አንዱ ካለፈው ዓመት የግድግዳ ካሌንደር በተገነጠለ ወረቀት ይሸፍናል። ከዚያ ታላቅ እህት ባማረ የእጅ ጽሕፈቷ የታናሽ ወንድሟን ስም ትጽፍና ከሥሩ «ክፍል፦ 1ኛ» ብላ ትጨምራለች።

በዚያ ቤት ውስጥ ካሉት ደብተሮች ሁሉ ይኼኛው ነው የተለየ ጥንቃቄ የሚሻው። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ትምህርት ቤቱን ያውቀዋል፤ የመጀመሪያዋ ሳምንት ብታመልጠው ከጓደኛው ደብተር ገልብጦ ይደርሳል። የአንደኛ ክፍል ልጅ ግን ገና መገልበጥም አያውቅም። ያመለጠውን የሚያካክስበት መንገድ የለውም።

የትምህርት ዘመኑ ከዘመን መለወጫ ጋር አብሮ የሚመጣበት ምክንያት ክረምቱ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ወንዝ ይሞላል፣ መንገድ ይጨቀያል፤ በገጠር ደግሞ የአረምና የጥበቃ ሥራ የልጆችን እጅ ይፈልጋል። ስለዚህ ትምህርት ቤት በሰኔ መጨረሻ ተዘግቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ አደይ አበባ ሲፈነዳ ይከፈታል። በትምህርት ቢሮዎች የጊዜ ሰሌዳ መሠረት ትምህርቱ ብዙውን ጊዜ በመስከረም ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሳምንት ይጀመራል። ችግሩ እዚሁ ላይ ነው። መስከረም 16 ደመራ፣ በማግስቱ መስቀል ነው። በብዙ አካባቢ ወላጁም፣ ተማሪውም፣ አንዳንዴ መምህሩም ሳይቀር «ትምህርት የሚጀመረው ከመስቀል በኋላ ነው» የሚል ያልተጻፈ ስምምነት አላቸው።

ስምምነቱ ራሱን በራሱ ያጸናል። ወላጅ «ገና ምዝገባ ላይ ናቸው፤ ሄዶ ምን ይሠራል?» ብሎ ልጁን ያቆያል። መምህሩ ደግሞ ከስልሳ ተማሪ ሃያው ብቻ ክፍል ውስጥ ሲያገኝ «ሳይሞሉ ብጀምር እንደገና መድገሜ አይቀርም» ብሎ ይጠብቃል። የመጡት ሃያዎቹ ሜዳ ላይ ሲሯሯጡ ውለው ይመለሳሉ። ማታ «ምን ተማራችሁ?» ሲባሉ «ምንም» ይላሉ። ይህን የሰማ ጎረቤት በማግስቱ ልጁን ለምን ይልካል?

በድሮው የአብነት ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ መዘግየት ጉዳት አልነበረውም። ልጅ በፈለገው ወር ቢመጣ የኔታ ፊደል ገበታውን ዘርግተው ከ«ሀ» ያስጀምሩታል። እያንዳንዱ ተማሪ በራሱ አካሄድ ይሄዳል፤ ፊደል የዘለቀው ለጀማሪው ያስቆጥራል፤ አንዱ ዳዊት ሲደግም ሌላው ገና ግዕዝ ካዕብ ላይ ነው። ሁሉም በአንድ ቀን ጀምሮ በአንድ ቀን የሚጨርስበት አሠራር ከዘመናዊው ትምህርት ጋር የመጣ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የመጀመሪያውን ዘመናዊ ትምህርት ቤት ካስከፈቱ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ክፍሉ፣ መጽሐፉና ዓመታዊ ዕቅዱ እኩል እንዲራመድ የታሰበ ሲሆን፣ ጊዜን የምንይዝበት ልማድ ግን በብዙ ቦታ አሁንም የአብነቱ ነው። የዛሬው ክፍል ግን እንደ የኔታ ዘግይቶ የመጣውን ቁጭ አድርጎ ከ«ሀ» አያስጀምርም።

የሚታጣውን በፊደል መቁጠር ይቻላል። የአማርኛ ፊደል በተለመደው ገበታ 33 ረድፍ፣ እያንዳንዱ ረድፍ ሰባት ድምፅ፣ በድምሩ 231 ነው፤ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። አንድ መምህርት በቀን አንድ ረድፍ ብቻ ብታስተምር ገበታውን ለመጨረስ ስድስት ሳምንት ተኩል ያህል ያስፈልጋታል። ከመስቀል በኋላ ልምጣ ብሎ አሥር የትምህርት ቀን ያሳለፈ ልጅ ከ«ሀ» እስከ «በ» ያለው አሥር ረድፍ አልፎታል። በእርግጥ መጻሕፍቱ በገበታው ቅደም ተከተል ብቻ አይሄዱም፤ ሒሳቡ ግን የነገሩን መጠን ያሳያል። ያለነዚያ አሥር ረድፎች «ልጅ» ብሎም፣ «ምሳ» ብሎም፣ «ሰላም» ብሎም ማንበብ አይቻልም።

የመጀመሪያውን ቀን ቀረብ ብሎ ላየው ደግሞ ፊደል ገና ሩቅ ነው። ጠዋት ሰልፍ አለ፤ ትልልቆቹ ለሰንደቅ ዓላማ መዝሙር ቀጥ ብለው ሲቆሙ ትንንሾቹ ክንዳቸውን ዘርግተው የፊት ጓደኛቸውን ትከሻ እየነኩ መስመር ለመያዝ ይታገላሉ። ክፍል ገብተው ሦስት ሦስት ሆነው ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ፤ የአንዳንዱ እግር መሬት አይደርስም። አንዷ እናቷ በመስኮት እስክትታይ ድረስ ታለቅሳለች፤ አንዱ ሽንት ቤት ለመሄድ ማስፈቀድ እንዳለበት ስላላወቀ ዝም ብሎ ተነስቶ ይወጣል። መምህርቷ በየዴስኩ እየዞረች የልጆቹን ጣት እርሳሱ ላይ ታስተካክላለች። ብዙዎቹ እርሳሱን እንደ ማንኪያ በጭብጣቸው ነው የሚይዙት። ቀጥታ መስመር፣ ክብ፣ ግማሽ ክብ ማሠመር የዚያ ቀን ትምህርት ነው። ከውጭ ለሚያይ ጨዋታ ይመስላል፤ «ሀ» እና «በ» የሚጻፉት ግን በዚያ መስመርና ግማሽ ክብ ነው።

ይህን ልምምድ ቀድሞ ያገኘ ልጅ ይቀለዋል። ለዚህ ነው ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጋር ተያይዞ «ኦ ክፍል» የሚባለው የአንድ ዓመት መሰናዶ የተስፋፋው። ከዚያ በፊት መዋዕለ ሕፃናት በአብዛኛው የከተማና የከፋይ ልጅ ዕድል ነበር። አሁን በሥራ ላይ ያለው ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎ፣ አንደኛ ደረጃን ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ወስኖ፣ የአንደኛ ክፍል መግቢያ ዕድሜን ሰባት ዓመት አድርጓል። የልደት የምስክር ወረቀት ባልተለመደበት ዘመን ዕድሜ የሚለካው በሌላ መንገድ ነበር፤ ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ የግራ ጆሮውን ከነካ «ደርሷል» ይባላል፤ ካልነካ «ለከርሞ» ተብሎ ይመለሳል። ዛሬ ጎልማሳ የሆኑ ብዙ ኢትዮጵያውያን በር ላይ ያለፉት ያንን ፈተና ነው። በገጠር ግን አሁንም አንድ አንደኛ ክፍል ውስጥ የስድስት ዓመት ልጅና የአሥር ዓመት እረኛ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። መምህሩ ለሁለቱም በአንድ ጊዜ ማስተማር አለበት።

የዚህ ሁሉ ውጤት የታየበት ጊዜ አለ። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በተካሄደ የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ታወቀ። እነዚህ ልጆች ከትምህርት ቤት ውጭ የነበሩ አልነበሩም፤ ሁለት መስከረም አይተዋል፣ ሁለት ደርዘን ደብተር ጨርሰዋል። በታችኛዎቹ ክፍሎች ተማሪ በተከታታይ ምዘና እየታየ ያለ ፈተና ሲያልፍ የኖረ በመሆኑም ፊደል ሳይለይ ሦስተኛ ክፍል መድረስ ይቻላል። አራተኛ ክፍል ሲደርስ የሳይንስና የሒሳብ መጽሐፍ አንብበህ ተረዳ ይባላል። በሌላ በኩል የትምህርት ሚኒስቴር ዓመታዊ አኃዞች በተደጋጋሚ እንደሚያሳዩት ማቋረጥ በጣም የሚበዛው በዚሁ በአንደኛ ክፍል ነው። ልጁ ትምህርቱን ጥሎ የሚሄደው የሚሰጠው ነገር ስላጣ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ታዲያ ለዚህ ክፍል ማን ይመደባል? በብዙ ትምህርት ቤቶች የድልድሉ ቀን ልምድ ያላቸው መምህራን ክልላዊ ፈተና ወዳለባቸው ወደ 6ኛና ወደ 8ኛ ክፍል ይሄዳሉ፤ ርዕሰ መምህሩ የሚጠየቀው በዚያ ውጤት ነውና። አንደኛ ክፍል አዲስ ለተቀጠረው ወይም ጡረታ ለቀረበው ይተርፋል። ይህ አሠራር መገልበጥ አለበት። ስልሳ ሕፃን ይዞ ያለ ቁጣ ጸጥ ማሰኘት፣ ስማቸውን በሳምንት ውስጥ ማወቅ፣ የማያየውን ልጅ ከማይሰማው ለይቶ ፊት ማስቀመጥ ከፍተኛ ሙያ ነው። ይህ ሙያ ያላቸው መምህራን በየትምህርት ቤቱ አሉ፤ ብዙውን ጊዜ ሴቶች ናቸው፤ እድገታቸውና ክብራቸው ግን ከሥራቸው ጋር አይመጣጠንም። ስምንተኛ ክፍል ላይ የሚያበራው ተማሪ እነሱ እጅ ላይ የተሠራ ነው።

ወላጅ ለምን ያዘገያል የሚለውን ሲጠይቁ ስንፍና ብቻ ነው ብሎ መደምደም ግን አይገባም። መስከረም በገጠር አበባ የሚታይበት፣ ጎተራ ግን ባዶ የሆነበት ወር ነው። እህሉ ገና ማሳ ላይ ነው፤ ብር የሚገባው አዝመራው ከተሰበሰበ ወዲያ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ለደብተር፣ ለጫማ፣ ለዩኒፎርም በአንድ ጊዜ ወጪ የሚጠየቀው ገበሬው ኪሱ ጨርሶ በደረቀበት ሰሞን ነው። ብሩ በሚገኝበት ጊዜ ደግሞ ልጁ ለአጨዳ ይፈለጋል።

በከተማም እንቁጣጣሽና መስቀል ተከታትለው ሲመጡ የቀን ሠራተኛ ቤተሰብ ይጨነቃል። አዲስ አበባ በዚህ ረገድ ትልቅ እርምጃ ወስዳለች። ከተማዋ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርምና ደብተር በነፃ ማቅረብ፣ ቁርስና ምሳ መመገብ ጀመረች። ምግቡን የሚያበስሉት በአብዛኛው የየሰፈሩ እናቶች ናቸው፤ ሥራ ላጡ ሴቶች ደመወዝ፣ ለልጆቻቸው ምሳ ሆነ። ከዚያ በፊት በረሃብ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ራሱን የሚስት ተማሪ ለከተማዋ መምህራን እንግዳ ነገር አልነበረም። ድርቅ በሚያጠቃቸው ወረዳዎችም የዓለም ምግብ ፕሮግራም ተማሪዎችን መመገብ ከጀመረ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ምሳ ባለበት ትምህርት ቤት ወላጅ ልጁን ለመላክ መስቀልን አይጠብቅም። ይህን ምገባ ከመጀመሪያው የትምህርት ቀን አንስቶ ማስጀመር፣ «ተማሪ ሲሟላ» ብሎ አለማዘግየት፣ ከየትኛውም ቅስቀሳ ይልቅ ክፍሉን ይሞላል።

መጽሐፍም እንዲሁ በሰዓቱ ሊደርስ ይገባል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ወደ ትግበራ ሲገባ የታተመ መጽሐፍ ያልደረሳቸው ትምህርት ቤቶች በርካታ ስለነበሩ መምህራን ቅጂውን በቴሌግራም እየተላላኩ፣ ገጹን ሰሌዳ ላይ እየገለበጡ አስተምረዋል። ሰባተኛ ክፍል ይህን ይችለው ይሆናል፤ ሥዕል አይቶ ፊደል ለሚለይ ልጅ ግን በጣቱ የሚከተለው ገጽ ከሌለ ትምህርቱ የለም።

ጨርሶ መስከረም ያልጠባላቸው ልጆችም አሉ። በትግራይ በኮሮና ምክንያት የተዘጉት ትምህርት ቤቶች ጦርነቱ ተጨምሮ ለሦስት ዓመት ያህል ተዘግተው ቆይተው እንደገና መከፈት የጀመሩት በ2015 ዓ.ም. ነው። በአማራ ክልል በ2017 ዓ.ም. ከ4 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን የክልሉ ትምህርት ቢሮ አስታውቋል። በሰባት ዓመቱ መግባት የነበረበት ልጅ አሁን ዘጠኝ፣ አሥር ሞልቶታል፤ ቁመቱ ረዝሟል፤ ከሰባት ዓመት ልጅ ጋር መቀመጥ ያፍራል። እነዚህን ልጆች ለመመለስ ሰላም የመጀመሪያው ነገር ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። ሁለት ዓመት በአንድ ዓመት የሚያካክስ የተፋጠነ ትምህርትና ስለ ዕድሜያቸው የማያሳፍራቸው መምህር ያስፈልጋቸዋል።

ዘንድሮ አንደኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ያለዎት አንባቢ፣ በጊዜ ሰሌዳው ላይ በተጻፈው የመጀመሪያ ቀን ራስዎ ይዘውት ይሂዱ። ክፍሉን ይዩ፣ የመምህሩን ወይም የመምህርቷን ስም ጠይቀው ስልክዎን ይስጡ፤ ዓይኑ ወይም ጆሮው ላይ ችግር ካለ ያን ዕለት ይናገሩ። ማታ ማታ ደብተሩን ገልጠው የዕለቱን ፊደል ያስቆጥሩት፤ ማንበብ የማይችሉ ቢሆን እንኳ እሱ ያንብብልዎትና ያዳምጡት። በሁለተኛው ሳምንት ክፍሉ ገና ትምህርት ካልጀመረ ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆነው በወላጅ መምህር ኅብረት በኩል ርዕሰ መምህሩን ይጠይቁ። በሰፈርዎ ሳይመዘገብ የቀረ ልጅ፣ ወይም ለሥራ መጥታ ሰው ቤት ያለች ልጅ ካለም ምዝገባው አልፏል ብለው አይተዉ፤ ትምህርት ቤቱ ድረስ ይዘው ሄደው ያነጋግሩ።