የማይታየውን አመለካከት መለካት

ሙቀትን በቴርሞሜትር እንለካለን፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ታካሚው እንደሚያገግም ማመን አለማመኑን ግን በምን እንለካለን? እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለዚሁ 20 ዓረፍተ ነገሮች ያሉትን መጠይቅ አሳተሙ። ባለሙያው ምን ያህል እንደሚስማማ ከ1 እስከ 5 ባለው ቁጥር ይገልጻል። ብዙዎቹ ዓረፍተ ነገሮች ማገገምን የሚጠራጠሩ በመሆናቸው ነጥባቸው ተገልብጦ ይታሰባል፤ ስለዚህ በጅምላ «እስማማለሁ» ማለት ከፍተኛ ውጤት አያስገኝም።

ልኬቱ ለምን አስፈለገ? ያገገመ ሰው ወደ ሐኪም ቤት እምብዛም ስለማይመለስ ባለሙያው ዘወትር የሚያየው ሕመሙ የጸናበትን ነው፤ ናሙናው ያጋደለ ነው። በቬርሞንት በጽኑ የታመሙትን ለአሥርታት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመው ጥናት ግን ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት በእጅጉ እንደተሻላቸው ወይም እንዳገገሙ አሳይቷል። ካጋደለ ናሙና የመነጨ ተስፋ መቁረጥ ታካሚውን እንዳይጎዳ አስቀድመን ልንለካው ይገባል።