በማዕድ ፈንታ ስለሚጠጣው ምግብ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1894 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ማርሰለን ቤርትሎ የተባለው ስመ ጥር ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ፣ የኬሚካል ፋብሪካ ባለቤቶች ባደረጉት ግብር ላይ ተነሥቶ ሲናገር፣ 2000 ዓ.ም. በደረሰ ጊዜ በምድር ላይ አራሽም እረኛም እንደማይኖር፣ ሰው ሁሉ በኪሱ ከሚይዘው ጥቂት እንክብልና ከትንሽ የቅባት ቁራሽ ምግበ ሥጋውን እንደሚያገኝ፣ ይህም ሲሳይ ዝናብና ድርቅ ሳያሠጋው በፋብሪካ ተሠርቶ እንደሚታደል ተነበየ። ይህን የመሰለ ትንቢት በግብር አዳራሽ መነገሩ ሳያስቅ አይቀርም። 2000 ዓ.ም. መጥቶ አለፈ፤ አራሹም እረኛውም እስከ ዛሬ በቦታቸው አሉ፤ ሆኖም ከትንቢቱ አንዲት ክፍል በሌላ መልክ ተፈጽማ፣ የቁርስን ወይም የምሳን ቦታ እንዲይዝ የተቀመመ መጠጥ በፕላስቲክ ጠርሙስና በቆርቆሮ እየታሸገ በመድኃኒት ቤትና በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ተሰልፎ እናያለን።

በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነገር መለያ ጽሑፉን አዙሮ ለሚያነብ ሰው ምሥጢር አይደለም፤ ውኃ፣ ከወተት ወይም ከአኩሪ አተር ተጣርቶ የወጣ ፕሮቲን፣ ዘይት፣ ስኳርና ከበቆሎ የተገኘ ጣፋጭ፣ በመጨረሻም ረጅም የቫይታሚንና የማዕድናት ዝርዝር ነው። በአገራችን ሰው ዘንድ ከሌሎቹ ይልቅ ስሙ የታወቀው ኢንሹር፣ በመደበኛው ዓይነቱ፣ በአንድ 237 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 220 ካሎሪና 9 ግራም ፕሮቲን ያህል ይይዛል። የአንድ ጤነኛ ጎልማሳ የቀን ፍላጎት በአማካይ 2000 ካሎሪ ነው ብንል፣ ሌላ እህል ሳይቀምስ በዚህ መጠጥ ብቻ ለመኖር የሚፈልግ ሰው በቀን ዘጠኝ ጠርሙስ መጨለጥ ሊኖርበት ነው፤ ስለዚህም አንዱን ጠርሙስ ጠጥቶ «ምሳዬን በላሁ» የሚል ሰው፣ የጠጣው ነገር ከምሳ ይልቅ ለመክሰስ የቀረበ መሆኑን ቢያውቅ ይበጀዋል።

ምግብን በጽዋ ማቅረብ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የአጃ ዱቄት በውኃ ወይም በወተት ፈልቶ፣ ማርና ቅቤ ገብቶበት፣ ለአራስ ሴትና ከሕመም ለሚያገግም ሰው የሚሰጠው አጥሚት፣ እንዲሁም መንገደኛውና ወታደሩ በስንቅ ከረጢቱ ይዞት ወንዝ ሲደርስ በጥብጦ የሚጠጣው የገብስ በሶ፣ ሁለቱም በማዕድ ፈንታ ያገለግሉ የነበሩ መጠጦች ናቸው። ይልቁንም አጥሚት ባሕር ተሻግሮ ስም ያገኘ ምግብ ነው፤ በ2003 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ረኀብ በጠና ጊዜ፣ ሞርሞን በመባል የሚታወቁት የአሜሪካ ክርስቲያኖች በሶልት ሌክ ሲቲ ባላቸው ፋብሪካ የላመ የአጃ ዱቄት፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳርና ጨው ከቫይታሚንና ከማዕድናት ጋር እየደባለቁ፣ ስሙንም ሳይለውጡ «አጥሚት» ብለው፣ ሰውነታቸው ለመነመነ ሕፃናት ልከውታል። አያቶቻችን አጥሚቱን ለማን ይሰጡት እንደነበረ ማስተዋል ያስፈልጋል፤ ለአራስና ለሕሙም ነበር፤ አራሷ በተነሣች ጊዜ፣ ሕሙሙም በዳነ ጊዜ ወደ እንጀራው ይመለሱ ነበር።

በፋብሪካ የሚሠራው መጠጥም የመጀመሪያ ቤቱ የሐኪም ቤት ነበር። በ1860ዎቹ ዓመታት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ በጀርመን፣ ሄንሪ ኔስሌም በ1867 ዓ.ም. በስዊስ፣ የእናት ጡት ላጡ ሕፃናት የሚሆን ምግብ ቀመሙ። አንድ መቶ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ፣ በ1965 ዓ.ም. ውጤቱ በታተመ ምርመራ፣ ዊኒትስ የተባለ ተመራማሪና ባልንጀሮቹ በካሊፎርኒያ እሥር ቤት ለነበሩ ፈቃደኛ እሥረኞች ለ19 ሳምንት ያህል፣ ፕሮቲን የሚገነባባቸው አሚኖ አሲዶች፣ ስኳር፣ ቫይታሚኖችና ማዕድናት በውኃ ተበጥብጠው የተሠራ ንጹሕ የኬሚስትሪ ምግብ ብቻ ሰጥተው፣ ጤናቸው ተጠብቆ መኖሩን አሳዩ። ይህ ምርመራ ስለ ጠፈር ተጓዦች ስንቅ ለሚያስቡት ሰዎች ታላቅ ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ ፍሬውን ያገኙት ግን አንጀታቸው የተቆረጠና ምግብ መፍጨት የተሳናቸው ሕሙማን ናቸው። መዋጥ ያቃተው ሰው በቀጭን ቱቦ በሚገባለት ምግብ ለወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ለዓመታት የሚኖረው በዚህ ዕውቀት ነው። ይህን ጥቅም የሚያቃልል ሰው ቢኖር፣ በካንሰር ሕክምና ጉሮሮው የቆሰለ ዘመድ አስታምሞ የማያውቅ መሆን አለበት።

ከሐኪም ቤት ወደ ገበያ የወጣበት ጊዜ 1959 ዓ.ም. ነው። ሚድ ጆንሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፣ መብላት ለማይችሉ ሕሙማን ሲያዘጋጀው ከነበረው መጠጥ የተወለደውን ሜትረካል፣ መወፈር ላስጨነቃቸው ጤነኞች ማቅረብ ጀመረ፤ ትእዛዙም በቀን 900 ካሎሪ በአራት ብርጭቆ ከፍሎ መጠጣት፣ ሌላ ምንም አለመብላት የሚል ነበር። ለጥቂት ዓመታት እጅግ ተሸጠ፤ ነገር ግን ያንኑ ጣዕም ጧትና ማታ የሚታገሥ ምላስ ጥቂት ስለሆነ፣ የስድሳዎቹ ዓመታት ሳያልቁ ዝናው ቀዘቀዘ። በ1977 ዓ.ም. የተነሣው ስሊምፋስት የሰውን ድካም የተረዳ ይመስላል፤ ቁርስና ምሳ ብቻ በመጠጥ እንዲተኩና እራት እንደ ወትሮው በማዕድ እንዲሆን አድርጎ ሸጠ፤ በ2000 ዓ.ም. ዩኒሊቨር የተባለው ኩባንያ የገዛው በ2.3 ቢልዮን ዶላር ነበር።

በእነዚያው ዓመታት የደረሰው ጥፋት ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ጎላ ብሎ ሊነገር የሚገባው ነው። በ1976 ዓ.ም. አንድ አሜሪካዊ ሐኪም ባሳተመው መጽሐፍ ሳቢያ፣ ከከብት ቆዳና ጅማት ተቀቅሎ የሚወጣ ፈሳሽ ፕሮቲን ለመክሳት ፍቱን መድኃኒት ነው ተብሎ በመላ አገሪቱ ተሠራጨ፤ ብዙ ሰዎችም በቀን ከ400 ካሎሪ በሚያንስ በዚሁ ፈሳሽ ብቻ ለወራት ሰነበቱ። ፕሮቲኑ ጎዶሎ ነበር፤ ሥጋ ያለ እርሱ ሊታደስ የማይችለው ትሪፕቶፋን የተባለው አሚኖ አሲድ በውስጡ አልነበረም። ሰውነትም የጎደለውን ከራሱ ጡንቻ ሲበደር ልብን አልማረም፤ የልብ ምት በድንገት እየተዛባ፣ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች መሞታቸው ለመንግሥት ጤና ባለ ሥልጣኖች ተነገረ፤ ከሞቱት የሚበዙት ሴቶች ነበሩ። የዛሬው መጠጥ ከዚያ ፈሳሽ እጅግ የተሻለ ነው፤ ፕሮቲኑ ምሉእ ነው፤ ማዕድናቱም የታሰቡ ናቸው። ቢሆንም ቅሉ፣ በቀን በ800 ካሎሪ ብቻ መኖር ዛሬም ሰው ያለ ሐኪም ሊያደርገው የማይገባ ነገር ነው፤ ፈጥኖ የሚከሳ ሰው የሐሞት ጠጠር ሊያገኘው እንደሚችል የታወቀ ነውና።

በሐኪም እጅ ሲሆን የሚሠራውን ሥራ ደግሞ የብሪታንያ ሊቃውንት አሳይተዋል። በስኮትላንድና በታይን ወንዝ አካባቢ ባሉ ክሊኒኮች በተደረገውና በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ውጤቱ በተገለጠው ምርመራ፣ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ከተገኘባቸው ስድስት ዓመት ያልሞላቸው ሰዎች፣ ለሦስት እስከ አምስት ወር በቀን ከ825 እስከ 853 ካሎሪ ብቻ ከሾርባና ከመጠጥ እንዲያገኙ ተደረገ፤ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒታቸውም በመጀመሪያው ቀን ተቋረጠ፤ ከዚያ በኋላ በነርስና በሥነ ምግብ ባለሙያ እየተመሩ ቀስ በቀስ ወደ እህል ተመለሱ። ዓመቱ ሲሞላ ከመቶው 46ቱ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታ መጠን በታች ሆኖ ተገኘ፤ እንደ ወትሮው ከታከሙት ግን ከመቶ 4 ብቻ። 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት መካከል ይህ ዕድል የገጠማቸው ከመቶ 86 ነበሩ። በሁለተኛው ዓመት 46ቱ ወደ 36 ዝቅ ብለዋል፤ መጠጡ ካበቃ በኋላ ክብደቱ መመለስ ስለሚወድ ነው። ይህን የመመለስ ጠባይ ሕዝብ ሁሉ ያየው በአሜሪካዊቷ የቴሌቪዥን አቅራቢ በኦፕራ ዊንፍሪ ነው፤ በ1988 ዓ.ም. በፈሳሽ ምግብ 67 ፓውንድ ቀንሳ፣ የዚያን ያህል ስብ በጋሪ እየጎተተች በቴሌቪዥን ከታየች በኋላ፣ መልሳ መወፈሯን ራሷ ሳትደብቅ ተናግራለች።

ለምን ይመለሳል ለሚለው ጥያቄ ከመልሱ ከፊሉ በጥርሳችን ላይ ይገኛል። በ1977 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሐኪሞች ለአሥር ሰዎች ፖምን በሦስት መልክ አቀረቡ፤ በአንድ ቀን ሙሉውን ፍሬ፣ በሌላ ቀን ተፈጭቶ፣ በሌላ ቀን ጭማቂውን ብቻ። የስኳሩ መጠን በሦስቱም እኩል ነበር፤ ጭማቂው ግን ከሙሉው ፍሬ 11 ጊዜ ያህል ፈጥኖ አለቀ፤ ያጠገበውም ከሁሉ ያነሰ ነበር። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ በፐርድዩ ዩኒቨርስቲ፣ 15 ሰዎች ለአራት ሳምንት በየቀኑ 450 ካሎሪ በሚታኘክ ጣፋጭ፣ ለሌላ አራት ሳምንት ያንኑ ያህል በለስላሳ መጠጥ እንዲወስዱ ተደረገ፤ ጣፋጩን ያኘኩት ከሌላው ምግባቸው ሳያስቡት ያንኑ ያህል ቀነሱ፤ ለስላሳውን የጠጡት ግን ምንም ሳይቀንሱ ጨመሩበት። ለፍትሕ ያህል፣ ፕሮቲን የበዛበትና ወፈር ያለ መጠጥ ከለስላሳ ይልቅ እንደሚያጠግብ መናገር ይገባል። ቢሆንም ማኘክ፣ ማሽተት፣ መዘግየት፣ የሆድ መሙላት፣ እነዚህ ሁሉ ለአእምሮ የጥጋብን ብሥራት የሚያደርሱ መልእክተኞች ናቸውና፣ በሁለት ደቂቃ የሚጨለጥ ምሳ ከብዙዎቹ ጋር ሳይገናኝ ያልፋል።

በ2013 ዓ.ም. ሮብ ራይንሃርት የተባለ የካሊፎርኒያ ወጣት መሐንዲስ ሶይለንት የተባለውን መጠጥ ሲያወጣ ያቀረበው ምክንያት ውፍረትም ሕመምም አልነበረም፤ ምግብ መግዛት፣ ማብሰልና ዕቃ ማጠብ ጊዜ ይፈጃል የሚል ነበር። በእኔ ግምት ከሁሉ ደካማው ምክንያት ይኸው ነው። በሥራ ብዛት ቁርሱን ትቶ እስከ ቀትር በጣፋጭ ሻይና በብስኩት ለሚውል ሰው አንድ ጠርሙስ የተሻለ መሆኑን አልክድም፤ ፕሮቲኑም ይበልጣል፤ ለጤፍ እንጀራና ለምስር ወጥ ምትክ ሲሆን ግን ትርፉ አይታየኝም። ዝርዝሩ ላይ የተጻፉት ቫይታሚኖች ሊቃውንት እስከ ዛሬ ለይተው ያወቋቸው ናቸው፤ በጎመንና በባቄላ ውስጥ ግን ስም ወጥቶላቸው ጥቅማቸው ገና ያልተመረመረ ብዙ ነገሮች አሉ፤ ፋይበር የሚባለው የእህልና የአትክልት ቃጫም በብዙዎቹ መጠጦች አነስተኛ በመሆኑ የሆድ ድርቀት የተለመደ ቅሬታ ነው። ለጿሚ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ፤ ከወተት ፕሮቲን የተሠራው የፍስክ ነው፤ ከአኩሪ አተር ወይም ከአተር የተሠራውን መፈለግ ይኖርበታል። ይህን መርጦ መያዝ ወተት ሆዱን ለሚነፋው ሰውም ይረዳል።

ከአሜሪካና ከአውሮፓ ወደ አገር ቤት የሚገቡ ወገኖቻችን ለአረጋውያን ወላጆቻቸው ኢንሹር በሻንጣ ይዘው መምጣታቸው የታወቀ ነው፤ የሚያስመሰግንም ነው፤ ጥርሳቸው ለረገፈና የምግብ ፍላጎታቸው ለቀነሰ እናትና አባት እውነተኛ ኃይል ይሰጣልና። ሆኖም አሰጣጡ በዘፈቀደ ሊሆን አይገባም። የሥነ ምግብ ባለሙያዎች እንዲህ ላሉ አረጋውያን መጠጡ በሁለት ማዕድ መካከል እንዲሰጥ ይመክራሉ፤ ከምሳ ጥቂት ቀደም ብሎ የተጠጣ እንደሆነ ያችኑ የቀረችውን ፍላጎት ዘግቶ ሽሮውን ስለሚያስተው ነው። ስኳር ላለባቸው በስኳር መጠኑ የተለየ ዓይነት አለ፤ ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች በውስጡ ያለው ፖታስየምና ፎስፈረስ ሊጎዳቸው ይችላል፤ ዋርፋሪን የተባለውን የደም መርጋት መከላከያ የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ በመጠጡ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ሊቀንስባቸው ስለሚችል፣ ሻንጣው ሳይከፈት አስቀድሞ የሚወስዱትን መድኃኒት ዝርዝር ለሐኪማቸው ማሳየት ያስፈልጋል። ጠርሙሱ ከተከፈተ በኋላም ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት እስከ ማታ ሊቀመጥ አይገባውም፤ ለሕሙም የተመቸው ይህ ምግብ ለተሐዋስያንም የተመቸ ነው።