ያውቁ ኖሯል? ከአሉቶ ጉድጓድ እስከ ጨለማ ቁስ ፍለጋ

• ከባቱ ከተማ በስተደቡብ፣ በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል፣ በአሉቶ ተራራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለእንፋሎት ኃይል የተቆፈሩት ጉድጓዶች እስከ 2,500 ሜትር ይጠልቃሉ። በቻይናው ጂንፒንግ ቤተ ሙከራ ላይ ያረፈው ዐለትም 2,400 ሜትር ያህል ነው። የአሉቶ ቆፋሪዎች የቆፈሩት ሙቀት ፍለጋ ነው፤ የጂንፒንግ ሰዎች ከዐለቱ ሥር የገቡት ጨለማ ቁስን ፍለጋ ነው።

• ጨለማ ቁስ ብርሃን አያወጣም፣ አያንጸባርቅም። የሚታወቀው ጋላክሲዎችን በሚይዝበት ስበቱ ነው። ከዩኒቨርስ ቁስ 85 በመቶ ያህሉ እሱ እንደሆነ ይገመታል።

• ሚዩዎን የተባሉ የጠፈር ጨረር ውላጆች በተዘረጋ መዳፍዎ ውስጥ በየሰከንዱ አንድ ያህል ያልፋሉ። ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ በምትገኘው ባቱ ደግሞ ከወደብ ከተሞች ይበዛሉ። ፍለጋውን ስለሚረብሹ ተመራማሪዎች ከዐለት ሥር ይሸሸጋሉ፤ በጣሊያኑ ግራን ሳሶ ቤተ ሙከራ ላይ 1,400 ሜትር ዐለት ስላለ ከሚሊዮን አንዱ ቢያልፍ ነው።

• የጨለማ ቁስ ቅንጣት ከፕሮቶን የቀለለ ከሆነ ፍለጋው ይከብዳል። የከባድ አቶምን አስኳል ሲመታ ጠጠር የወፍጮ ድንጋይን የመታ ያህል ነው፤ አስኳሉ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ቀለል ያሉ አስኳሎችንና ኤሌክትሮኖችን ይከታተላሉ።

• ሴንሴይ የተባለው ሙከራ የሚጠቀመው የካሜራ ዓይን ዘመድ የሆነ የሲሊከን ቺፕ ነው። የአንዷን ነጥብ ቻርጅ ደጋግሞ በመለካት ነጠላ ኤሌክትሮን እስከ መቁጠር ይደርሳል። ሥራውን በካናዳ፣ 2 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ባለው የኒኬል ማዕድን ማውጫ ውስጥ አካሂዷል።

• የአንዳንድ የአሉቶ ጉድጓዶች ሙቀት ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበልጣል። በግራን ሳሶ የሚገኘው የክሬስት ሙከራ ክሪስታሎች ግን ከፍጹም ዜሮ በላይ በ0.015 ዲግሪ ገደማ ብቻ ይቀመጣሉ። አንድ ቅንጣት ሲነካቸው የምትፈጠረው ሙቀት የምትለየው በዚያ ብርድ ብቻ ነው።

• አርገን የተባለው ጋዝም ለፍለጋው ያገለግላል፤ በአየር ውስጥ ያለው ግን ፍለጋውን የሚረብሽ ጥቂት ራዲዮአክቲቭ አርገን-39 ይዟል፤ የሚፈጥረውም የጠፈር ጨረር ነው። ዳርክሳይድ-50 የተባለው ሙከራ በአሜሪካ ኮሎራዶ ከጥልቅ የጋዝ ጉድጓድ የወጣ አርገን ተጠቀመ፤ በዚህኛው አርገን-39 1,400 ጊዜ ያህል ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2018ም ከፕሮቶን በክብደት ጥቂት እጥፍ ብቻ በሚበልጡ ቅንጣቶች ላይ ጥብቅ ገደብ አወጣ።

• በአህጉራችንም በደቡብ አፍሪካ፣ በሂዩጉኖት ዋሻ አጠገብ የምድር ውስጥ ቤተ ሙከራ ለመገንባት ታቅዷል።

• እስካሁን የተረጋገጠ ቅንጣት አልተገኘም። ሆኖም ባዶ እጅ የተመለሰ እያንዳንዱ ሙከራ «እዚህ የለም» ብሎ አንድ በር ይዘጋል፤ ቀጣዩ ትውልድም ከዚያ ይነሣል። ዛሬ በባቱ ፊዚክስ የሚማሩ ልጆችም የዚህ ትውልድ አካል ናቸው።