የነከሰ ሞተር ሁሉ የሞተ አይደለም

ጌዶ፦ የመኸሩ እህል ወደ አውድማ ሲገባ በምዕራብ ሸዋ ዞን የበጋ መስኖ ሥራ ይጀመራል። ክረምቱን በጎተራ ሥር፣ በከብት በረት ጥግ ወይም በአሮጌ ሸራ ተጠቅልሎ የከረመው የውሃ መሳቢያ ሞተር የሚታወሰውም ያኔ ነው።

በጌዶ አቅራቢያ በአንድ ወንዝ ዳር የሚያለማ አርሶ አደር ህዳር ላይ ሞተሩን በአህያ ጭኖ ወደ ማሳው አወረደ እንበል። ቤንዚን ሞላ፤ የማስነሻውን ገመድ ያዘ፤ ሳበ። ገመዱ ግን ንቅንቅ አላለም። መካኒኮች ይህን “ሞተሩ ነክሷል” ይሉታል። በሲሊንደሩ ውስጥ መመላለስ የሚገባው ፒስተን ባለበት ተጣብቋል ማለት ነው።

ስንዴው ተዘርቷል፤ የሽንኩርት ችግኙም በመደቡ ላይ ደርሷል። ውሃ በአንድ ሳምንት ካልደረሰለት የዘር፣ የማዳበሪያና የጉልበት ወጪው ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ጎረቤት ይጠራል፤ ሁለት ሦስት ጎረምሶች ገመዱን በየተራ ይጎትታሉ፤ ካልሆነም በመዶሻ ይሞከራል። ብዙ ጊዜ ሊድን የሚችለው ሞተር የሚሰበረው በዚህ ሰዓት ነው።

ለምን ይነክሳል?

ሞተር የሚነክስባቸው ምክንያቶች በዋናነት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ዝገት ነው። ሞተሩ ለወራት ሳይነሳ ሲቀመጥ እርጥበት በጭስ መውጫውና በካርቡሬተሩ በኩል ይገባል። ፒስተኑን የከበቡት ቀለበቶች፣ በመካኒኮች አጠራር ፋሻዎቹ፣ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በዝገት ይያያዛሉ። የምዕራብ ሸዋ ክረምት ረዥምና ዝናባማ በመሆኑ በዚህ አካባቢ ቀድሞ ሊጠረጠር የሚገባው ይኸው ነው። ደግነቱ በዚህ መንገድ የተያዘ ሞተር ከሌሎቹ ይልቅ የመዳን ዕድል አለው።

ሁለተኛው የዘይት እጥረትና ሙቀት ነው። ዘይት ሳይኖረው የሠራ ሞተር ይግላል፤ የፒስተኑ አሉሚኒየም ተፍቆ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ፒስተኑን የሚገፋው ቢየላም ከኮሎዶካው ጋር ሊጣበቅ ወይም ሊሰበር ይችላል። ይህ ሞተር በሥራ ላይ እያለ የሚደርስ ጉዳት ነው፤ ዘይት በማፍሰስ ብቻም አይፈታም።

ሦስተኛው በሲሊንደሩ ውስጥ ውሃ ወይም ቤንዚን መጠራቀሙ ነው። ፈሳሽ እንደ አየር አይታመቅም። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲገፋ ፈሳሹ ያግደዋል፤ በጉልበት ከተሳበም ቢየላው ይጣመማል።

ከእነዚህ ሌላ ብዙዎችን የሚያሳስት አራተኛ ነገር አለ። ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ፓምፑ የተያዘ ሊሆን ይችላል። በፓምፑ ሆድ ውስጥ የሚሽከረከረው ውሃ ገፊ ክፍል በአሸዋና በደረቀ ጭቃ ወይም በዝገት ከተያዘ ገመዱ አይንቀሳቀስም። ከሞተሩና ከፓምፑ የትኛው እንደተያዘ ሳይለይ ሞተሩን መፍታት ጊዜም ገንዘብም ያባክናል። የፓምፑ ክዳን ጥቂት ብሎኖች ብቻ ስላሉት መጀመሪያ እሱን ከፍቶ ማየት ይቀላል። የማስነሻው ገመድ መጠቅለያ ራሱ ተጣብቆ እንደሆነም አስቀድሞ ይታያል።

በጉልበት ሳይሆን በትዕግሥት

የነከሰ ሞተር ሲያጋጥም የመጀመሪያው ሕግ አለመታገል ነው። ገመዱን ደጋግሞ መሳብ፣ ሞተሩን በመዶሻ መምታት ወይም በእሳት ማሞቅ አይገባም። በተለይ ቤንዚን ባለበት እሳት ማቅረብ ሰውንም ንብረትንም ያጠፋል።

ቀጥሎ ካንዴላው ይፈታል። የናፍታ ሞተር ከሆነ ደግሞ ናፍታ የሚረጨው ኖዝል ይወጣል። ካንዴላው ሲወጣ ውሃ ወይም ቤንዚን ከፈሰሰና ሞተሩ ከተላቀቀ ችግሩ ተገኘ፤ ሲሊንደሩን ማድረቅና ዘይቱን መቀየር ነው የሚቀረው። ካልተላቀቀ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ማንኪያ የናፍታና የካምቢዮ ዘይት ድብልቅ ይገባል። ድብልቁ በፋሻዎቹ መካከል ሰርጎ ዝገቱን የሚያላላው በደቂቃ ውስጥ ሳይሆን በቀናት ነው። ስለዚህ ሁለትና ሦስት ቀን፣ አንዳንዴም ሳምንት ይጠበቃል፤ ሲጎድል ይጨመራል።

ከዚያ በኋላ በኮሎዶካው ጫፍ ባለው ዳዶ ላይ መፍቻ ይገባና በእርጋታ ይሞከራል። የሚፈለገው የአንድ ጣት ያህል እንቅስቃሴ ነው። ጥቂት ከተንቀሳቀሰ መልሶ ወደ ነበረበት፣ እንደገና ወደፊት እያሉ መንገዱን ማስፋት ነው። እምቢ ካለ ተጨማሪ ዘይትና ተጨማሪ ቀን ይሰጠዋል። ይህም ካልሠራ ቴስታታው ተከፍቶ የሲሊንደሩ ግድግዳ በዓይን ይታያል።

ሞተሩ ዞረ ማለት ዳነ ማለት አይደለም። ከመነሳቱ በፊት የከረመው ቤንዚን ከነዝቃጩ ይደፋል፤ ካርቡሬተሩ ይታጠባል፤ የአየር ማጣሪያው ይጸዳል፤ የሞተር ዘይቱ ይቀየራል። ካንዴላው ከመመለሱ በፊት በሲሊንደሩ የገባው ድብልቅ እንዲወጣ ገመዱ ጥቂት ጊዜ ይሳባል። ሞተሩ ሲነሳ መጀመሪያ ያለ ጭነት ጥቂት ደቂቃ ይሠራል፤ ከዚያም የተፈታው ዝገት ታጥቦ እንዲወጣ ዘይቱ በድጋሚ ይቀየራል። ነጭ ጭስ ለጥቂት ጊዜ ቢታይ የገባው ዘይት እየተቃጠለ ነው። ሰማያዊ ጭስ ሳያቋርጥ ከቀጠለ ግን ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ አልቋል ማለት ስለሆነ ቶርኖ ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

የጀልባ ሞተርም ሕመሙ ያው ነው

ከጌዶ ወደ ሰሜን የሚገነጠለው መንገድ ወደ ፊንጫ ይወስዳል። በ1960ዎቹ አጋማሽ የፊንጫ ወንዝ ለኃይል ማመንጫ ሲገደብ የጮመን ረግረግ የነበረው ሜዳ ሐይቅ ሆነ፤ ዛሬ ዓሣ ይጠመድበታል። ከአምቦ በስተደቡብም የወንጪ ሐይቅ አለ። በሐይቅ ላይ የሚያገለግል የጀልባ ሞተርና በወንዝ ዳር የሚሠራ የመስኖ ሞተር የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፤ የሚነክሱበት መንገድም ይመሳሰላል።

ልዩነቱ የጀልባ ሞተር ብዙውን ጊዜ የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውሃ መሆኑ ነው። ውሃውን የምትገፋው ትንሽ የጎማ መዘውር ለረዥም ጊዜ ስትቀመጥ ትደርቃለች፤ ትሰነጠቃለች። ቆሞ የከረመ ጀልባ ገዝቶ ይህችን ጎማ ሳይቀይር ሐይቅ ላይ የወጣ ሰው ሞተሩን በደቂቃዎች ውስጥ ሊያስነክሰው ይችላል። ባለሁለት ምት ሞተር ከሆነ ደግሞ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚገባ ነው። የብዙዎቹ መመሪያ በ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ይላል። ባዶ ቤንዚን መሙላት ሞተሩን ያለ ዘይት እንደማሠራት ይቆጠራል።

ከጀልባ ሠራተኞች ለመስኖ ተጠቃሚው የሚጠቅም አንድ ትምህርት አለ። ውሃ ውስጥ የወደቀ ሞተር የሚዝገው ውሃው ውስጥ እያለ ሳይሆን በዋናነት ወጥቶ አየር ሲያገኘው ነው። ስለዚህ ሞተሩ እንደወጣ በዚያው ቀን ካንዴላው ተፈትቶ ውሃው መፍሰስ፣ ሲሊንደሩም በዘይት መራስ አለበት። መካኒክ በዕለቱ የማይገኝ ከሆነ እስኪገኝ ድረስ በንጹህ ውሃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ማቆየት በደጅ ከማስጣት ይሻላል። ድንገተኛ ጎርፍ ሞተሩን ለወሰደበት አርሶ አደር ይህ እንግዳ ቢመስልም ሞተሩን የሚያተርፍ ምክር ነው።

ያገለገለ ሞተር ሲገዛ

አዲስ ሞተር ለመግዛት አቅም ያጠራቸው አርሶ አደሮች ያገለገለ ይፈልጋሉ። ሻጩ “ትንሽ ነው የነካው፤ መካኒክ ያስነሳዋል” ሲል ዋጋው ይማርካል። ከመስማማት በፊት ግን ጥቂት ነገሮችን ማየት አይከብድም።

የዘይት መለኪያው ይወጣል። ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ውሃ ገብቶበታል፤ የብረት ብናኝ ካብለጨለጨበት ውስጡ ተፍቋል። ካንዴላው ተፈትቶ በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ሲታይ ቀላል ዝገት ተስፋ ይሰጣል፤ ጥልቅ ጭረት ግን የቶርኖ ሥራን ያመለክታል። በሞተሩ አካል ላይ ስንጥቅ ካለ መተው ነው። መለዋወጫው በአምቦ ወይም በአዲስ አበባ ገበያ መገኘቱም ከመግዛት በፊት ይጠየቃል። ፒስተን፣ ፋሻ፣ የቶርኖና የመካኒክ ዋጋ ተደምሮ ከአዲሱ ዋጋ ግማሽ ካለፈ ርካሽ የተባለው ሞተር ርካሽ አይደለም። እንዲህ ያለው ለመለዋወጫ ብቻ ቢገዛ ይሻላል።

ደጋ ላይ ሞተር ይደክማል

እንደ ጌዶ ባለ ደጋማ አካባቢ ሌላም ሊታወቅ የሚገባ ነገር አለ። ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል። ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ላይ የሚሠራ ተራ የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ፓምፑ ውሃ ስቦ የሚያወጣበት ጥልቀትም ይቀንሳል፤ በዚህ ከፍታ ከ5 ሜትር በላይ እንዲስብ ማስገደድ አያዋጣም። ስለዚህ ሞተሩ ወደ ውሃው በተቻለ መጠን ተጠግቶ መቀመጥ አለበት። ከገደል አፍ ላይ ተቀምጦ ሙሉ ጋዝ የተሰጠው ሞተር ይግላል፤ በማቀዝቀዣ ክንፎቹ መካከል ገለባና ጭቃ ከተሞላ ደግሞ የመንከሻ ቀኑን ያፋጥናል።

የዘይቱ ሒሳብም ቀላል ነው። የአብዛኞቹ ትናንሽ የቤንዚን ሞተሮች መመሪያ አዲስ ሞተር ከ20 ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ከዚያም በየ100 ሰዓቱ ዘይቱ እንዲቀየር ያዛል። በቀን 6 ሰዓት የሚሠራ ሞተር 100 ሰዓት የሚሞላው በ17 ቀን ነው። በ90 የመስኖ ቀን 540 ሰዓት ይሠራል፤ ስለዚህ ዘይቱ አምስት ጊዜ መቀየር ነበረበት። አምስት የፈረስ ጉልበት አካባቢ ያለው ሞተር በአንድ ጊዜ የሚወስደው ከግማሽ ሊትር ብዙም የማይበልጥ ዘይት ነው። ለአንድ በጋ ሦስት ሊትር ገደማ ማለት ነው። ይህን ያህል ዘይት ለማትረፍ ሲባል ሞተሩ ይከፈላል።

የጋራ ሞተር ባለቤት ይፈልጋል

የበጋ መስኖ ስንዴ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ትኩረት ሲያገኝ የውሃ መሳቢያ ሞተር ፍላጎትም አብሮ አድጓል። በዚያው ዓመት መንግሥት የግብርና መካናይዜሽንና የመስኖ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ፈቅዷል። ይሁን እንጂ ሞተር ማስገባትና ሞተርን በሥራ ላይ ማቆየት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

በቡድን ተገዝቶ በየተራ የሚሠራ ሞተር በተለይ ይጎዳል። ተረኛው ውሃውን ያጠጣል፤ ዘይቱን ግን ለቀጣዩ ይተወዋል፤ ቀጣዩም እንዲሁ። አንድ ሰው በኃላፊነት ቢመደብ፣ የሠራበት ሰዓት በደብተር ቢጻፍና ከእያንዳንዱ ተረኛ ለዘይትና ለመለዋወጫ ትንሽ ገንዘብ ቢሰበሰብ የሚያስከትለው ወጪ ጥቂት ነው። በዞኑ የሙያ አቅምም የለም አይባልም፤ አምቦ ዩኒቨርሲቲ በአምቦና በጉደር ካምፓሶች አሉት፤ ባኮ ላይም የግብርና ምህንድስና ምርምር ማዕከል ይገኛል። የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች ሰኔ ላይ በየቀበሌው ወርደው ሞተሮችን ለክረምቱ ቢያዘጋጁ ለእነርሱ ልምምድ፣ ለአርሶ አደሩም እፎይታ በሆነ ነበር።

ለክረምት ማዘጋጀቱ ራሱ ከአንድ ሰዓት አያልፍም። የፓምፑ ውሃ ተንጠፍጥፎ ይፈስሳል፤ ቤንዚኑ ከታንከሩና ከካርቡሬተሩ ይወጣል፤ ዘይቱ ይቀየራል። በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ንጹህ የሞተር ዘይት ይገባና ገመዱ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ ብሎ ይሳባል። ከዚያም ካንዴላው ተመልሶ ይታሰራል፤ ሞተሩ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ዝናብ በማይነካው ደረቅ ቦታ ይቀመጣል። በክረምቱ ውስጥ በወር አንድ ጊዜ ገመዱን ሳብ አድርጎ መተው ፋሻዎቹ እንዳይጣበቁ ያደርጋል።

አበው “ሳይቃጠል በቅጠል” ይላሉ። ሰኔ ላይ የገባች አንዲት ማንኪያ ዘይት ህዳር ላይ የሳምንት ጥበቃን፣ የቶርኖ ቤት ወጪንና የደረቀ ማሳን ታስቀራለች። ዛሬ በበረት ጥግ ተረስቶ የተቀመጠ ሞተር ያለው አርሶ አደርም ለብረት ለቃሚ ከመሸጡ በፊት ካንዴላውን ፈትቶ ዘይት ቢያጠጣውና ጥቂት ቀን ቢታገሠው፣ ሞተሩ መልሶ ውሃ ሊስብ ይችላል።