ስለ ላቲኖ ሕፃናት የቤት ውስጥ ትምህርት

ዘራቸው ከሜክሲኮና የእስፓኝ ቋንቋ ከሚነገርባቸው ከሌሎቹ አገሮች ሆኖ በአሜሪካ የተባበሩ መንግሥታት ውስጥ የሚኖሩት ሰዎች ላቲኖ ይባላሉ። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ዓ. ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ቍጥራቸው ከ62 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ከእነርሱም ብዙዎቹ በእርሻ፤ በግንብ ሥራና በቤት አገልግሎት ወጥተው ወርደው የሚያድሩ ሲሆኑ፤ ለልጆቻቸው ትምህርት ግድ የላቸውም የሚል ሐሜት ለብዙ ዘመን ሲነገርባቸው ኖሯል። ነገሩን ቀርቦ ለመረመረው ግን ሐሜቱ ከእውነት የራቀ ነው።

የሐሜቱ አንደኛው ምክንያት የቃል አለመግባባት ነው። በእስፓኝ ቋንቋ «ኤዱካሲዮን» ማለት ፊደል መቍጠር ብቻ አይደለም፤ ታላቅን ማክበር፤ እንግዳን በደኅና ቃል መቀበል፤ ከወንድምና ከእኅት ጋር ተካፍሎ መብላት ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራል። በአማርኛ «ጨዋ» ተብሎ የሚመሰገነው ልጅ በእነርሱ ዘንድ «በደንብ የተማረ» ይባላል። ስለዚህ እናት ልጇን በጕልበቷ ላይ አስቀምጣ ተረትና ምሳሌ ስትነግረው፤ አያትም እያዜመች ጣቱን ስታስቈጥረው፤ ማስተማራቸው እንደ ሆነ አይጠራጠሩም። አስተማሪው ግን በቤቱ ውስጥ መጽሐፍ ካላየ ትምህርት የለም ብሎ ይፈርድባቸዋል።

በቴክሳስ ግዛት በ1918 ዓ. ም. የወጣው ሕግ በመንግሥት ትምህርት ቤት ከእንግሊዝኛ በቀር በሌላ ቋንቋ ማስተማርን ወንጀል አድርጎት ነበር። ቋንቋውን ሳይሰማ ወደ ትምህርት ቤት የገባ ሕፃን አስተማሪው የሚለውን ስለማያስተውል ብዙ ጊዜ አንደኛውን ክፍል ይደግም ነበር፤ በጨዋታ ሰዓት እንኳ በእናቱ ቋንቋ ሲናገር የተገኘ ይቀጣል። ልጁ ሰነፍ ተባለ፤ ጥፋቱ ግን የሕጉ ነበር። ብዙ ወላጆችም ልጆቻቸው እንደ እነርሱ እንዳይቀጡ ፈርተው በቤታቸው የእስፓኝን ቋንቋ መናገር ተዉ። ከዚህም የተነሣ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ማዕድ ተቀምጠው የማይግባቡበት ቤት ተገኘ።

በሂዩስተን ከተማ የምግብ ቤት ባለቤት የነበረው ፊሊክስ ቲሄሪና፤ ሉላክ የሚባለውን ማኅበር በሚመራበት ጊዜ፤ በ1957 ዓ. ም. «የ400 ትንሽ ትምህርት ቤት» የተባለውን አስጀመረ። ጋናዶ በምትባል ትንሽ ከተማ የመጀመሪያዪቱ አስተማሪ የ17 ዓመት ልጃገረድ ነበረች። ሕፃናቱ አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው አስቀድሞ 400 የእንግሊዝኛ ቃላት ይማሩ ነበር፤ የቴክሳስም ምክር ቤት በ1959 ዓ. ም. ይህንኑ ዐሳብ በሕግ ተቀበለው። ሥራው መልካም ነበር፤ ዳሩ ግን ልጁ ወደ ትምህርት ቤቱ እንዲደርስ እንጂ ትምህርት ቤቱ ወደ ልጁ ቤት እንዲደርስ አልጠየቀም።

ይህን በአሪዞና ግዛት በቱሳን ከተማ ሉዊስ ሞልና ባልደረቦቹ አደረጉት፤ ሥራቸውም በ1992 ዓ. ም. ታትሟል። አስተማሪዎች ወደ ተማሪዎቻቸው ቤት እየሄዱ ሊያስተምሩ ሳይሆን ሊማሩ ተቀመጡ፤ በድኻ ቤትም የእርሻ፤ የማዕድን፤ የእንጨት ሥራ፤ የመድኃኒትና የንግድ ዕውቀት ተከማችቶ አገኙ። አንዱ ልጅ የሜክሲኮ ከረሜላ እንደሚሸጥ ስለ ታወቀ አስተማሪዪቱ ትምህርቷን በከረሜላ ላይ መሠረተች፤ አንዲት እናትም ወደ ክፍሉ ገብታ አሠራሩን ለልጆቹ አሳየች። እናት ወደ ትምህርት ቤት የምትጠራው ብዙ ጊዜ ልጅ ሲያጠፋ ነውና፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በሳን አንቶኒዮ ደግሞ በ1973 ዓ. ም. በግሎሪያ ሮድሪጌዝ መሪነት የተጀመረው አቫንሴ የሚባለው ድርጅት እናቶችን ከሕፃናቶቻቸው ጋራ በሳምንት አንድ ጊዜ ለዘጠኝ ወር ይሰበስባል። እናቶቹ በእጃቸው መጫወቻ ይሠራሉ፤ ሲሠሩም ሕፃኑ ቀለሙን፤ ቍጥሩንና የነገሩን ስም እንዴት እንደሚማርበት ይነገራቸዋል። መጫወቻው ወደ ቤት ይሄዳል፤ ከእናቶቹም ብዙዎቹ ያቋረጡትን የራሳቸውን ትምህርት እንደ ገና ይጀምራሉ።