ወደ በረዶው ተራራ በየትኛው በር?



እኔ በረዶ የማውቀው በሐምሌ ቆርቆሮ ላይ ሲንጣጣ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ኑሯቸውን የመሠረቱ የወገኖቻችን ልጆች ግን ሌላ በረዶ ለምደዋል። ዱባይ ውስጥ በአንድ ትልቅ የገበያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተው የቤት ውስጥ በረዶ 400 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መንሸራተቻ አለው፤ ውጭው በሙቀት ሲነድ ልጆቹ ካፖርት ደርበው ይንሸራተቱበታል። በዚያ የጀመረ ልጅ ውሎ አድሮ እውነተኛውን ተራራ መጠየቁ አይቀርም። የአክስቴ ልጅና ባለቤቱም ሁለቱ ልጆቻቸው ዓመት ሙሉ ቢወተውቷቸው፣ ያጠራቀሙትን ይዘው ባለፈው ዓመት ለሰባት ቀን ወደ አልፕስ ተራሮች አመሩ።

ያሰቡት ኦስትሪያ ውስጥ ወደምትገኘው ኢንስብሩክ ነበር። ካርታ ለሚያይ ሰው ምርጫው ትክክል ይመስላል፤ አውሮፕላን ማረፊያው ተራሮቹ መሀል ነው፣ ከከተማይቱም 4 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው። ቀጥታ በረራ ስላላገኙ አንዱን ትኬት ከዱባይ እስከ አንድ የአውሮፓ ከተማ፣ ሌላውን ከዚያ እስከ ኢንስብሩክ ለየብቻ ገዙ። በዚህም ለአራት ሰው ስምንት መቶ ድርሃም ያህል ተረፋቸው። ታዲያ የመጀመሪያው አውሮፕላን አንድ ሰዓት ተኩል ዘገየ። ከዚያ የፓስፖርት ሰልፍ፣ ከዚያ ሻንጣ መረከብ፣ ከዚያም ያንኑ ሻንጣ እንደገና ማስመዝገብ መጣ። ሲደርሱ በሩ ተዘግቷል። ሁለተኛው አየር መንገድ እንዳልመጡ ቆጥሮ ትኬታቸውን ሰረዘው፤ ይባስ ብሎ የመመለሻውንም አብሮ ሰረዘው። ልጆቹ ሻንጣ ተንተርሰው አደሩ። በማግስቱ በባቡር ሲደርሱ ከሰባቱ ቀን አንዱ ሄዷል፤ አዲሱ የመመለሻ ትኬትም የተረፈውን ገንዘብ ብዙ እጥፍ አድርጎ በላው።

ዘንድሮ ደወለልኝ። «ወንድሜ፣ አንተ የጂኦግራፊ መምህር አይደለህ? ካርታህን አውጣና አንድ ነገር በለኝ» አለኝ። እኔም ካርታዬን አወጣሁ፤ ሳምንት ሙሉም ሳገላብጥ ከረምኩ። ያገኘሁትን ለእናንተም ላካፍል።

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያወዳድረው የአየር መንገዶችን ዋጋ ነው። እኔ የምለው ግን መጀመሪያ መመረጥ ያለበት አውሮፕላን ማረፊያው ነው። የጉዞው ርዝመት የሚለካው ከቤት ደጃፍ እስከ ማረፊያው ደጃፍ ነው እንጂ ከሰማይ እስከ ሰማይ አይደለም። ከዱባይ ወደ አልፕስ የሚደረገው በረራ ሰባት ሰዓት ግድም ነው፤ ይህ ከየትኛውም አየር መንገድ ጋር ብዙም አይለወጥም። የሚለወጠው ከማረፊያው በኋላ ያለው መንገድ ነው።

የኢንስብሩክን ነገር ልጨርስ። የአውሮፕላን መንደርደሪያው ርዝመት 2,000 ሜትር ብቻ ነው፤ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ የተዘረጋ በመሆኑም አብራሪዎች ለዚያ ቦታ ልዩ ሥልጠና ይወስዳሉ። ፎን የሚባለው ሞቃት የደቡብ ነፋስ ሲነሳ አውሮፕላኖች ሳያርፉ ወደ ሙኒክ ወይም ወደ ሳልዝቡርግ የሚዞሩበት ጊዜ አለ። እንግዲህ የቀረበ በር ሁሉ የሚከፈት በር አይደለም። ሙኒክ ትልቅ ነው፤ ከሩቅ አገሮችም ቀጥታ በረራዎች ይገቡበታል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1992 ሥራ የጀመረው ይህ ማረፊያ ከከተማዋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ነው ያለው። ተራሮቹ በደቡብ ናቸው። ስለዚህ ተጓዡ ከተማዋን ዞሮ ማለፍ አለበት፤ እስከ ኢንስብሩክ በመኪና መንገዱ ሳይጨናነቅ እንኳ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል።

ጄኔቭ ሌላ ጠባይ አለው። ማረፊያው ከፈረንሳይ ድንበር ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ወደ ፈረንሳይ በኩል የሚያስወጣ የራሱ ክፍል አለው፤ ሻሞኒ የምትባለው የተራራ ከተማም ከዚያ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የምትርቀው። ለመኪና ተጓዥ ከዚህ የተመቸ በር ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ችግሩ ቅዳሜ ነው። በፈረንሳይ ተራሮች አብዛኞቹ የኪራይ ቤቶች ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ስለሚከራዩ፣ የሚገባውም የሚወጣውም በአንድ ቀን መንገዱን ይሞላዋል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 27 ቀን 2014 ቅዳሜ ነበር። በዚያን ዕለት ከባድ በረዶ ወርዶ በሳቧ ግዛት 15,000 ያህል መኪናዎች መንገድ ላይ ቀርተዋል፤ ብዙ ቤተሰቦችም በመጠለያ አድረዋል። እሑድ ወይም ረቡዕ የሚገባ ሰው ይህን ሁሉ ይሸሻል። መኪና የሚከራይም ቢሆን፣ በፈረንሳይ ተራራማ አካባቢዎች እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 የክረምት ጎማ ወይም የጎማ ሰንሰለት ግዴታ መሆኑን አስቀድሞ ይወቅ።

ዙሪክ ላይ ግን ባቡር ጣቢያው ከማረፊያው ሕንፃ ሥር ነው ያለው። ሻንጣውን ይዞ በደረጃ ይወርዳል፣ ይሳፈራል። ዳቮስ ለመድረስ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ላንድኳርት በምትባል ጣቢያ ወደ ቀዩ የተራራ ባቡር ይቀየራል። መኪና መንዳት የማይሻ ወይም በበረዶ ላይ ነድቶ የማያውቅ አባወራ ይህን ቢመርጥ አልፈርድበትም። ዱባይ ያደገ መኪና ነጂ በረዶ ላይ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

አሁን ብዙዎች የሚሳሳቱበትን ልንገራችሁ፤ እሱም ቪዛ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው፣ የባሕረ ሰላጤው የመኖሪያ ፈቃድ ቢኖረውም፣ የሼንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ማመልከቻው የሚገባው ግን ሰውየው ለሚያርፍበት አገር ሳይሆን ዋናውን ቆይታ ለሚያደርግበት አገር ነው። ጄኔቭ አርፎ ሻሞኒ የሚያድር ሰው የሚያመለክተው ለፈረንሳይ ነው፤ ማረፊያውን አይቶ ለስዊዘርላንድ ያመለከተ እንደሆነ ማመልከቻው ሊመለስበት ይችላል። በመሆኑም የአውሮፕላን ማረፊያውንና የተራራውን ምርጫ ሳይጨርሱ ቪዛ አይጠየቅም። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ማስገባት ይቻላል፤ ከ15 ቀን በታች ሲቀር ግን አይቻልም። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 ጀምሮም የውጭ ተጓዦች መግቢያና መውጫ በኮምፒዩተር እየተመዘገበ፣ ፎቶግራፍና የጣት አሻራም እየተወሰደ ስለሆነ፣ ለፓስፖርት ሰልፉ ሰፋ ያለ ጊዜ ይመድቡ።

ወደ አየር መንገዱ እንምጣ። ቀጥታ በረራ ካለ ዋጋው ጥቂት ቢጨምርም እሱን ያዙ። ከሌለ ደግሞ መሸጋገሪያው በአንድ ትኬት ላይ ይሁን። በአንድ ትኬት የሚጓዝ ሰው የመጀመሪያው አውሮፕላን ቢዘገይበትና ሁለተኛው ቢያመልጠው ወደ መድረሻው የማድረስ ኃላፊነቱ የአየር መንገዱ ነው፤ በሁለት ትኬት የሚጓዘው ግን መሀል ላይ ለብቻው ቆሟል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው 261ኛው ደንብም አለ፤ ስዊዘርላንድም ትሠራበታለች። ከአውሮፓ ለሚነሳ በረራ አየር መንገዱ የማንም ይሁን የማን ይሠራል፤ ወደ አውሮፓ ለሚገባው ግን አየር መንገዱ የአውሮፓ ከሆነ ብቻ ነው። ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ጉዞ በአየር መንገዱ ጥፋት ለደረሰ ረጅም መዘግየት እስከ 600 ዩሮ በሰው ይከፈላል። በረዶ ወይም ማዕበል ያዘገየው እንደሆነ ካሣ የለም፤ ምግብና ማደሪያ ግን አሁንም ይገባዎታል። ይህን የማያውቅ መንገደኛ አግዳሚ ወንበር ላይ ያድራል።

ሰዓቱንም ተመልከቱ። ርካሽ ትኬት ብዙ ጊዜ ማታ የሚያደርስ ነው፤ ማታ የደረሰ ደግሞ የመጨረሻው ባቡር አምልጦት ከተማ ያድራል፣ ለሆቴልም ይከፍላል። ከቀትር በፊት ወይም ቀትር ላይ የሚደርሰውን መምረጥ ይሻላል።

ስለ ጓዝ ብዙ አልልም። የአንድ አዋቂ ስኪና ጫማ ከ10 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ አንዳንዱ አየር መንገድ እንደ አንድ ሻንጣ ይቆጥረዋል፣ ሌላው ለብቻ ያስከፍላል። በዓመት አንድ ሳምንት ለሚንሸራተት ቤተሰብ እዚያው መከራየት ይቀላል። ሻንጣ ከዘገየ ከአዳራሹ ሳይወጡ ማስመዝገብ፣ ከዚያም በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ያስፈልጋል፤ ለተጎዳ ሻንጣ ጊዜው 7 ቀን ብቻ ነው። በአውሮፓ አየር መንገድ ለሚጓዙም የሐላል ምግብ አስቀድሞ፣ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት፣ መታዘዝ አለበት። ትኬቱ ሲገዛ ማዘዙ ይበጃል፤ አውሮፕላን ውስጥ ገብቶ መጠየቅ ለልጆች ዳቦና ውሃ ብቻ ማትረፍ ነው።

የአክስቴ ልጅ በመጨረሻ ዙሪክን መረጠ። እሑድ ቀትር የሚያደርስ ቀጥታ በረራ ያዘ፤ ማመልከቻውንም ለስዊዘርላንድ አስገብቷል። ትናንት ማታ ስልኩን ባለቤቱ ተቀብላው «ወንድም ዓለም፣ ላንድኳርት ላይ ባቡር ስንቀይር ስንት ደቂቃ አለን?» አለችኝ። ያለፈው ዓመት ሌሊት ገና አልወጣላትም። ደቂቃዎቹ ጥቂት እንደሆኑ፣ ባቡሮቹ ግን እርስ በርስ እንዲገናኙ ተደርጎ ሰዓታቸው የተሰናዳ መሆኑን፣ አንዱ ቢያመልጣቸውም ሌላው በሰዓቱ እንደሚመጣ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና «እንግዲያው ልጆቹን አንተ ንገራቸው፤ እኔን አያምኑኝም» ብላ ስልኩን ለታናሹ ሰጠችው።