ምጣዱ ከልክ በላይ ሲግል

ውጫሌን አብዛኞቻችን የምናውቃት በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ነው። እዚያም ይሁን አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ከማዕድ ቤት ዕቃ ሁሉ ብዙ ኤሌክትሪክ የሚስበው ምጣዱ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይፈልጋል። ይህ ለአንድ ደህና ሶኬት የመጨረሻው አቅም ነው። ቀጭን ገመድ ባለው ማከፋፈያ ላይ ፍሪጅና ምጣድ አብረው ከሰኩ፣ ቀድሞ የሚቀልጠው ምጣዱ ሳይሆን ማከፋፈያው ነው።

ሲያሰሹት ትንሽ ቢጨስ አይደንግጡ። የፕላስቲክ ሽታ፣ የጠቆረ ሶኬት ወይም የመንጣጣት ድምፅ ካለ ግን ሊጡን ይተዉት። የጋለውን ሶኬት በእጅዎ አይንቀሉ፤ ቆጣሪው ዘንድ ሄደው ብሬከሩን ያውርዱ። አክንባሎውን እንደተከደነ ይተዉት። ውኃ በፍጹም አያፍሱበት፤ ምጣዱ ይሰነጠቃል፣ እርስዎንም ኤሌክትሪክ ሊይዝዎ ይችላል። ዳቦ የሚጋግሩበት ኦቨን ውስጥ እሳት ካዩም ያጥፉትና በሩን አይክፈቱ፤ አየር ሲያገኝ ይብስበታል። እሳቱ ከዕቃው ካለፈ ልጆቹን ይዘው ይውጡ፤ አዲስ አበባ ከሆኑ 939 ይደውሉ።

ኤሌክትሪሺያን ሳያየው ምጣዱን መልሰው አይሰኩት። (ሶኬቱን ብቻ ቀይሮ ሊሄድ ካለ፣ ገመዱንም እንዲያይ ይጠይቁት።)

ብዙዎቻችን የምንዘናጋው መብራት ሲጠፋ ነው። መብራቱ እርስዎ በሌሉበት ተመልሶ ይመጣል፣ ምጣዱም ባዶውን ይግላል። ምጣዱን ሳይነቅሉ ጎረቤት ቡና አይሂዱ።